የላሜራ እጥፋትና የተማረው ወጣት

የተማሩ ወጣቶች በተሰበሰቡበት ቦታ ሁሉ የሚነሣው ወሬ የታላላቅ ነገሮች ወሬ ነው። ስለ ግድብ፥ ስለ ባቡር ሐዲድ፥ ስለ ሳተላይት፥ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይወራል። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም፤ አሳቡ ትልቅ ያልሆነ ትውልድ ሥራው ትልቅ ሊሆን አይችልምና። ይሁን እንጂ ታላላቆቹ ነገሮች የሚቆሙት በታናናሾቹ ላይ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ሲጠፋ ዝም ማለት አይገባም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ከታናናሾቹም ያነሰችውን ነገር ነው፤ ይኸችውም የምድጃ ጭስ ማውጫ ቱቦ ሁለት ዳሮች የሚያያዙባት፥ ወርዷ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማይበልጥ የላሜራ እጥፋት ናት።

«ይህማ የቆርቆሮ ሠራተኛ ጉዳይ ነው፤ ዲግሪ ለያዘና በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የእኛም ክርክር የሚጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ይህች እጥፋት የቆርቆሮ ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ ሆና በመቅረቷ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ እናሳያለን፤ ከዚያ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ መረዳት ያስፈልጋል።

ቱቦ ማለት ተጠቅልሎ ሁለት ዳሩ የተገናኘ ላሜራ ማለት ነው። መጠቅለሉ ቀላል ነው፤ ችግሩ ያለው ዳርና ዳሩ ከተገናኙ በኋላ እንዳይለያዩ በማድረጉ ላይ ነው። በብየዳ እንያዘው ቢባል ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ላሜራ የተራው ብየዳ እሳት በቀላሉ ይበሳዋል። እናጣብቀው ቢባል ለዚህ ሥራ የታወቀው የእርሳስ ቅልቅል በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ከምድጃ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ከዚያ በላይ የሚሞቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በሪቬት ቢመታም በአንዱና በሁለተኛው ሪቬት መካከል ክፍተት ይቀራል። ስለዚህ የላሜራ ባለሙያዎች የመረጡት መፍትሔ ማጠፍ ነው። የአንዱ ዳር ወደ ውጭ፥ የሌላው ዳር ወደ ውስጥ ይታጠፍና እንደ ተቆላለፉ ጣቶች አንዱ ሌላውን ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ በመዶሻ ተደብድቦ ይተኛል።

ይህ ሥራ ስሌት አለው። ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ ዙሪያው 47 ሴንቲ ሜትር ከ1 ሚሊ ሜትር ነው። ላሜራው ግን በዚህ ልክ ብቻ ቢቆረጥ ቱቦው ጠቦ ይወጣል። እጥፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ወርድ እንዲኖረው ከተፈለገ በመጋጠሚያው ላይ አራት ድርብ ላሜራ ይደራረባል፤ ከአራቱ አንዱ የቱቦው የራሱ ግድግዳ ስለ ሆነ ትርፉ ሦስት ድርብ፥ ማለትም 18 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ መቁረጥ የሚገባው 48 ሴንቲ ሜትር ከ9 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን 18 ሚሊ ሜትር የዘነጋ ሰው የቱቦው ወርድ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርድበትና ከምድጃው አንገት ጋራ አልገጥም ይለዋል። ፊደል ያልቆጠረ የላሜራ ባለሙያ ይህን ሂሳብ በእጁ ያውቀዋል፤ ብዙ ሂሳብ የተማረ ሰው ግን ለዚህ ጉዳይ ተጠቅሞበት አያውቅም።

የተደበደበው እጥፋት ጠንካራ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፥ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ መዶሻው በበዛበት ቦታ ላሜራው ይሰነጠቃል፥ ባነሰበት ቦታ እጥፋቱ ይከፈታል። ሁለተኛ፥ ቱቦው ከሥራው ቤት ተዘግቶ መውጣት አለበት። የተዘጋ ቱቦ ደግሞ በአብዛኛው ባዶ አየር ነው። ወርዳቸው እኩል የሆነ ዐሥር ቱቦዎች አንዱ ከሌላው ውስጥ ስለማይገቡ ዐሥሩን በመኪና የሚጭን ነጋዴ የሚከፍለው ለአየር ማጓጓዣ ጭምር ነው።

ክረምታቸው በረዶ የሆነ፥ ቤታቸውን በእንጨት ምድጃ የሚያሞቁ የሰሜን አሜሪካ ሰዎች ይህን ችግር የፈቱት ራሱን በሚቆልፍ እጥፋት ነው። በዚያ አገር በብረታ ብረት መደብር የሚሸጠው ተራ የምድጃ ቱቦ ብዙውን ጊዜ ተዘግቶ አይመጣም። 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ላሜራዎች ዳራቸው በፋብሪካ ታጥፎ፥ እንደ ግማሽ ጨረቃ ጎብጠው፥ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው በአንድ ካርቶን ይታሸጋሉ። ገዢው ወደ ቤቱ ወስዶ ቱቦውን በጉልበቱና በእጁ ይጨምቀዋል፤ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ዳሩን ከዳሩ ውስጥ ሲገፋው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ቱቦው ተቆለፈ ማለት ነው። መዶሻ የለም፥ ብየዳ የለም፥ ባለሙያም አልተጠራም።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? በአንደኛው ዳር ላሜራው ተደራርቦ ታጥፎ ጠባብ ኪስ ተሠርቶለታል። በሌላው ዳር ደግሞ ላሜራው ወደ ኋላ ተመልሶ ታጥፎ መንጠቆ ያላት ከንፈር ሆኗል። ከንፈሯ ወደ ኪሱ ስትገባ ጥቂት ትጎብጥና የኪሱን አፍ ታልፋለች፤ እንዳለፈችም ትቃናና ከውስጥ ባለው ደፍ ላይ ትንጠለጠላለች። መግቢያዋ ተዳፋት ነው፤ መውጫዋ ግን ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። ስለዚህ መግባት ቀላል፥ መውጣት ግን ከባድ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ብረት እልኸኛ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ የብረት ላሜራ ከመካከሉ እስከ ዳሩ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ክብ እስኪሠራ ድረስ ቢጎብጥ፥ ሲለቁት ተመልሶ ይቃናል። 15 ሴንቲ ሜትር ወርድ ላለው ቱቦ ሲጠቀለል ከዚያ በጣም የበለጠ ስለሚጎብጥ ቅርጹን ይይዛል፤ ይሁን እንጂ እልኹ ጨርሶ አይጠፋም፥ ሁልጊዜም ጥቂት ለመከፈት ይፈልጋል። ለቆርቆሮ ሠራተኛ ይህ እልኽ ጠላት ነው፤ የሚታገለውም ከእርሱ ጋራ ነው። ራሱን የሚቆልፈውን እጥፋት ያሰበ ሰው ግን ጠላቱን አገልጋይ አደረገው። ቱቦው ለመከፈት በፈለገ ቁጥር መንጠቆዋን ወደ ደፉ ይስባታል፤ በሳባት ቁጥርም መያዣው ይጠብቃል። አባቶቻችን «እሾህን በእሾህ» ያሉት ይህን የመሰለውን ነገር ነው።

ይህ የሆነው በዕድል አይደለም፥ በስሌት ነው። ከንፈሯ የኪሱን አፍ ለማለፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ መጉበጥ አለባት እንበል። ርዝመቷ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ በላይዋ ላይ የሚደርሰው መወጠር ከሺህ 3.75 ይሆናል፤ ተራው ብረት ግን ሳይበላሽ የሚችለው ከሺህ 1.25 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከንፈሯ ጎብጣ ትቀራለች፥ አትቃናም፥ አትቆልፍምም። ርዝመቷ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ግን መወጠሩ ወደ ሩብ ወርዶ ከሺህ 0.94 ይሆናል፤ አሁን ትጎብጣለች፥ ትመለሳለችም። «እንኪያስ ይበልጥ እናስረዝማት» የሚል ቢኖር ሌላ መዘዝ ይመጣል። ርዝመቷ እጥፍ በሆነ ቁጥር ጥንካሬዋ ወደ አንድ ስምንተኛ ስለሚወርድ የልብስ ጠርዝ ትመስልና መያዟ ይላላል። ትክክለኛው ልክ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ እርሱንም የሚያገኘው እርሳስና ወረቀት ይዞ የተቀመጠ፥ ከዚያም ላሜራ ቆርጦ የሞከረ ሰው ነው። እንግዲህ ይህች ወርቅ የማታወጣ ቁራጭ ብረት የፊዚክስ መምህር ለአንድ ሳምንት ሊያስተምርባት የሚችል ነገር አለባት።

እጥፋቱ ብቻውን ሁሉን ነገር እንደማይሠራም መናገር ይገባል። የጭስ ማውጫ ቱቦዎች እርስ በርስ ሲቀጣጠሉ የአንደኛው ጫፍ እንደ ቀሚስ ተሸንሽኖ ከሌላው ውስጥ ይገባል። ይህ የተሸነሸነው ጫፍ መመልከት ያለበት ወደ ታች፥ ወደ ምድጃው ነው። ብዙ ሰው በጣራ ልማድ የላይኛውን በታችኛው ላይ ያለብሰዋል፤ ዝናብ እንዳይገባ ነው ይላል። ጣራና ጭስ ማውጫ ግን ተቃራኒ ናቸው። ጣራ የሚከላከለው ከውጭ የሚመጣውን ውኃ ነው፤ ጭስ ማውጫ መከላከል ያለበት ከውስጥ ጭሱ ቀዝቅዞ የሚያንጠባጥበውን ጥቁር ዝፍት ነው። የተሸነሸነው ጫፍ ወደ ታች ከሆነ ዝፍቱ በቱቦው ውስጥ ወርዶ ወደ እሳቱ ይመለሳል፤ ወደ ላይ ከሆነ ግን በመጋጠሚያው ወጥቶ በግድግዳው ላይ ይፈሳል። እንደዚሁም በእያንዳንዱ መቀጣጠያ ላይ ሦስት ብሎን ሊታሰር ይገባል፤ አንድ ሜትር ቱቦ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲጨምር ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማልና፥ በመላላትና በመጥበቅ ብዛት ቱቦው እንዳይለያይ ነው። ለምድጃው ቅርብ በሆነው ክፍል ደግሞ ዚንክ የተቀባ ላሜራ መጠቀም አይገባም፤ ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፥ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የሚወጣው ጢስም ለጤና ጎጂ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እኛ ቤታችንን በምድጃ የምናሞቅ ሕዝብ አይደለንም፤ ምግባችንን ግን በእንጨትና በከሰል የምናበስል ነን። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ አየር መበከል ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። ይህ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አይተን ያደግን ነን። ጭሱ ይታያል፥ ዓይንንም ያቃጥላል፤ ከእርሱ ጋራ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም።

በአንዳንድ ሆቴሎችና እንጀራ ቤቶች፥ እንዲሁም ለብዙ ሰው በሚያበስሉ ማእድ ቤቶች የላሜራ ጭስ ማውጫ ተተክሎ እናያለን። ብዙዎቹን ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው እጥፋታቸው ተከፍቶ፥ በሽቦ ታስረው፥ በጭቃ ተለስነው ያገኛቸዋል። አንዳንድ ሰው «ጭስ ወደ ላይ ስለሚሄድ ትንሽ ቀዳዳ ምን ያደርጋል?» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ጭስ ማውጫ የሚስበው በውስጡ ያለው አየር ሞቆ ስለሚቀልል ነው። እጥፋቱ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር በቀዳዳው ይገባና ጭሱን ያበርደዋል፤ የቀዘቀዘ ጭስ ስለሚከብድ ቱቦው መሳቡን ይተዋል፤ ጭሱም በምድጃው አፍ ተመልሶ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ስለዚህ ከጣሪያ አጠገብ የተከፈተች እጥፋት ከታች የቆመችውን ሴት ታስላታለች።

ይህን ማስተካከል የሚችል ሰው በአገራችን አለ። በመርካቶ በምናለሽ ተራ ስሙ የታወቀው የላሜራ ሥራ ከአሮጌ በርሜል ምን ያህል ዓይነት ዕቃ እንዳወጣ የማያውቅ የለም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተዋወቀው «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ደግሞ ጥናትና የእጅ ሙያ ሲጋቡ ምን እንደሚወለድ ያሳያል። ውጭው የላሜራ ሠራተኛ ሥራ፥ ውስጡ የሸክላ ሠሪ ሥራ ነው፤ ልኩን ደግሞ የተማሩ ሰዎች አጥንተውታል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ምድጃው አይወለድም ነበር። እኛ የምንጠይቀው ለምድጃው የተደረገው ለጭስ ማውጫውም እንዲደረግ ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። የመጀመሪያው፥ «ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የወደፊቱ ምጣድ የኤሌክትሪክ ነው፤ ስለ ጭስ ማውጫ መጨነቅ ወደ ኋላ መሄድ ነው» የሚል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ እንዲገባ ከእኛ የበለጠ የሚመኝ የለም። ነገር ግን ሽቦው እያንዳንዱን የገጠር ጎጆ እስኪደርስ ድረስ ስንት ጊዜ ይጋገራል? ደግሞም የእጥፋት ዕውቀት ለጭስ ማውጫ ብቻ አይደለም። የአየር ማናፈሻ ቦይ፥ አሸንዳ፥ የጣራ ላሜራ፥ የእህል ማስቀመጫ ጎተራ ሁሉም በዚሁ ጥበብ የሚያያዙ ናቸው። ምድጃው ቢቀር እንኳ እጥፋቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። «ማንም ሰው በእጁ የሚገጥመው ቱቦ ከመጣ የቆርቆሮ ሠራተኛው እንጀራ አይቋረጥም ወይ?» ይላል። መልሳችን እንዲህ ነው። ዕውቀቱ ከውጭ በካርቶን ታሽጎ ከመጣ አዎን፥ ይቋረጣል። ዕውቀቱ እዚሁ ከተሠራ ግን ሠራተኛው ከመዶሻ ወደ ማጠፊያ መሣሪያ ይሸጋገራል፤ ቀድሞ በአካባቢው ላለ ገዢ ብቻ ይሸጥ የነበረውን አሁን አነባብሮ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኖ ወደ ጎንደርም ወደ ጅማም ይልካል። ስለዚህ ሠራተኛውን የሚጎዳው አዲሱ እጥፋት አይደለም፤ አዲሱ እጥፋት ያለ እርሱ መምጣቱ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የምናየው ትምህርት አንድ ነው። የተደበደበው እጥፋት ዕውቀቱ ያለው በሠሪው እጅ ነው፤ እጁ ከሌለ ሥራው የለም። ራሱን የሚቆልፈው እጥፋት ግን ዕውቀቱ በላሜራው ውስጥ ተቀምጧል፤ ያልሠለጠነች የቤት እመቤት እንኳ ስትገጥመው ትክክል ሆኖ ይወጣል። የተማረ ሰው ሥራ ይህ ይመስለናል። ሌላው ሰው ሳይማር በትክክል እንዲሠራ ማድረግ፥ የራስን ዕውቀት በዕቃው፥ በቅጹ፥ በደንቡ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በመሥሪያ ቤት ያለን ወጣቶችም ከዚህ የምንቀስመው አለ። ተቆጣጣሪ ዘወር ሲል የሚከፈት ደንብ በእርሳስ እንደ ተጣበቀ ቱቦ ነው፥ ትንሽ ሲሞቅ ይቀልጣል። መልካም ደንብ ግን ሰው ለራሱ ጥቅም ሲል በሳበው ቁጥር ይበልጥ የሚጠብቅ ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ምክር ብቻ ሰጥተን መሄድ ስለማንወድ ሦስት ነገር እንላለን። በምሕንድስና ክፍል ያለህ ተማሪ ሆይ፥ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትፈልግ ሩቅ አትሂድ። በእጅ ማጠፊያ ሊሠራ የሚችል፥ በገበያችን ላይ ለሚገኘው ላሜራ ውፍረት የተሰላ ራሱን የሚቆልፍ እጥፋት ንደፍ፤ ንድፍህንም በመደርደሪያ ከማስቀመጥህ በፊት ወደ አንድ የላሜራ ሥራ ቤት ይዘኸው ሂድና ባለሙያው እያየህ ያጥፈው። የነገረህንም ጻፍ፤ ያልተጻፈ የሙያ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራልና።

በግዥ ክፍል የምትሠራ ወጣት ሹም ሆይ፥ ለትምህርት ቤት ወይም ለሆስፒታል ማእድ ቤት ምድጃ ስታስገዛ በጨረታው ሰነድ ላይ «ከነጭስ ማውጫው» ብለህ ብቻ አትለፍ። የላሜራው ውፍረት ስንት እንደ ሆነ፥ እጥፋቱ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፥ የተሸነሸነው ጫፍ ወዴት እንደሚመለከት፥ በመቀጣጠያው ላይ ስንት ብሎን እንደሚታሰር አራት መስመር ጻፍ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ተጫራች የሚቆጥበው ሰው በማያየው ቦታ ነው፤ በቱቦ ላይ ሰው የማያየው ቦታ ደግሞ እጥፋቱ ነው። አራቱ መስመሮች አንድ ወረቀት አይሞሉም፤ ከዚያ ማእድ ቤት ለዓመታት የምትሠራውን ወጥ ቤት ሳንባ ግን ይጠብቃሉ።

ሦስተኛው ለሁላችንም ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ቀንሷል፥ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ በመካከላችን ተቀምጧል። ዛሬ ቀጥቃጭ ብለን አንሳደብም፤ ሥራውን አንመለከተውም እንጂ። ይህም ንቀት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት በላሜራ ሥራ ቤት አጠገብ የሚያልፍ አንባቢ ቢኖር ጥቂት ቆም ብሎ ባለሙያውን «ጋሼ፥ ይህን ዳር ለምን እንዲህ አጠፉት?» ብሎ ይጠይቀው። መልሱን በጥሞና ሰምቶ ወረቀትና እርሳስ ካወጣ፥ ያን ጊዜ የተማረበትን ገንዘብ ለአገሩ መመለስ ጀምሯል።